አባቱ ቢ፣ እናቱ ኤ፣ ልጁ ግን ኦ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ውርስ ናቸው፤ ልጅ ከማን ምን ይወስዳል የሚሉ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ የገጠማት ነገር የብዙ ቤት ችግር ስለሆነ እሷ ላይ ቆየት እላለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጃችን 10ኛ ክፍል ነው። ስለ ደም ዓይነት ሲማሩ “የቤተሰባችሁን ጠይቃችሁ ኑ” ተባሉ። የእኔ ኤ ነው፣ የባለቤቴ ቢ። ልጁ ተመርምሮ ኦ ሆነ። ባለቤቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝም ብሏል። በአፉ ምንም አላለኝም፣ ዓይኑ ግን ይናገራል። እኔ ከእሱ ሌላ ሰው አላውቅም። እባክዎ ይመልሱልኝ። (ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ላስቀድም። ኤ እና ቢ የሆኑ ወላጆች ኦ ልጅ ይወልዳሉ። የተለመደ ነገር ነው። ይህን ገጽ ለባለቤትሽ ስጪውና አብራችሁ አንብቡት።

እያንዳንዳችን የደም ዓይነታችንን የሚወስን ጂን (በሕዋሳችን ውስጥ በኬሚካል ፊደላት የተጻፈ የውርስ ትእዛዝ) በጥንድ አለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ላቦራቶሪው “ኤ” ብሎ ሲጽፍልሽ የታየውን ብቻ ነው የጻፈው። ከኤው ጀርባ ኦ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። የባለቤትሽም ቢ እንደዚያው። ለምን ይደበቃል ብትዪ፣ ኤ የሚባለው ጂን በቀይ የደም ሕዋስ ላይ አንድ ዓይነት ስኳር ያስለጥፋል፣ ቢ ደግሞ ሌላ ዓይነት። ኦ በአብዛኛው ያው ጂን ሆኖ አንዲት ፊደል የጎደለችው ነው። እሷ በመጉደሏ ትእዛዙ ይበላሽና ምንም አይለጠፍም። አጠገቡ የሚሠራ ኤ ወይም ቢ ካለ ኦ መኖሩ አይታወቅም። ግን አለ። ወደ ልጅም ያልፋል።

ማታ ቡና ሲፈላ ይህን ሞክሩ። ሁለት ስኒ አቅርቢ። በአንቺ ስኒ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ቦሎቄ ጨምሪ፣ በእሱ ስኒ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ። ቀዩ ኤ፣ ጥቁሩ ቢ፣ ነጩ ኦ ነው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ከየስኒው አንድ አንድ ያውጣ፣ ያወጣውን ይጻፍ፣ ይመልስ፣ እንደገና ያውጣ። ሠላሳ አርባ ጊዜ ደጋግሙት። ቀይና ጥቁር ከወጣ ኤቢ ነው። ቀይና ነጭ ኤ፣ ጥቁርና ነጭ ቢ። ሁለቱም ነጭ ሲወጡ ያ ኦ ነው፣ የእናንተው ልጅ። ከአራት አንዴ ገደማ ይመጣል።

ከአራት አንዴ ሲባል ግን አራት ልጅ የወለደ ሁሉ አንድ ኦ ያገኛል ማለት አይደለም። ተማሪዎች ሁሌም የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ስኒው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። የውርስን ሕግ ያገኘው መነኩሴ ሜንዴል ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለችው ብርኖ ከተማ፣ በገዳሙ ጓሮ ክብ አተርና የተጨማደደ አተር ሲያዳቅል፣ መጀመሪያ የተገኘው ሁሉ ክብ ሆነበት። የተጨማደደው ድራሹ የጠፋ መሰለ። እነዚያን ክቦቹን መልሶ ሲዘራቸው ግን 5,474 ክብ እና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ ቆጠረ። ልጅ ላይ የጠፋው የልጅ ልጅ ላይ ብቅ አለ። ሦስት ለአንድ የሚለው ሒሳብ የታየው ከ7,000 በላይ ፍሬ ስለቆጠረ ነው፤ አራት ብቻ ቢቆጥር ኖሮ ምንም ባላየ።

አንዱ ወላጅ ኤቢ ሆኖ ልጁ ኦ ከሆነ፣ ያ እጅግ ብርቅ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ምርመራውን ማስደገም ነው፣ ካርድ ላይ የተሳሳተ ፊደል ሲጻፍ በዓይኔ አይቻለሁና። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚባለውም እንዲሁ ይደበቃል፤ ሁለት ፖዘቲቭ ወላጆች ኔጋቲቭ ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። እናትየዋ ኔጋቲቭ ከሆነች ግን ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ይህን መናገር አለባት። አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ፤ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ልትወጋ ይገባል፣ ለሚቀጥለው ልጅ ሲባል።

መምህራን፣ እባካችሁ ኦ እንዴት እንደሚደበቅ ሳታስተምሩ የቤተሰብ ደም ዓይነት ጠይቃችሁ ኑ አትበሉ። በማስተምርበት ዘመን በዚሁ ሰበብ ቤቱ የታመሰበት ልጅ ገጥሞኛል። ከዚያ ወዲህ የቤት ሥራውን ትቼ በቦሎቄው ብቻ ነው ያስተማርኩት።

ጥያቄ፦ ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ። አማቴ “ወንድ የማይወጣላት” ይሉኛል። አራተኛው ወንድ ይሆናል? (ከደሴ)

መልስ፦ የሴት እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ የሚባለውን ክሮሞዞም (ጂኖችን የተሸከመ ክር) ነው የሚይዘው። ሴት የሚያደርገውን ኤክስ ወይም ወንድ የሚያደርገውን ዋይ የሚያመጣው የወንዱ ዘር ነው፣ ስለዚህ የልጁ ፆታ የሚለየው በአባት በኩል ነው። እሱም መርጦ አይሰጥምና ወቀሳው ማንም ላይ አይደርስም። አራተኛው ወንድ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው። የአምስተኛውም ግማሽ ነው። ለአማትሽ ይህን ባለቤትሽ ቢነግራቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ዝንጀሮ እስካሁን ለምን አለ? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አንተና የአክስትህ ልጅ አንድ አያት አላችሁ። አንተ ከአክስትህ ልጅ አልተወለድክም፣ እሱም አንተ ስለተወለድክ አልጠፋም። ዝግመተ ለውጥ የሚለውም ይህንኑ ነው። የሰውና የቺምፓንዚ መስመር ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአንድ ግንድ ተለያየ። ሰሜን ተራሮች ላይ ሣር የሚግጠው ጭላዳ ደግሞ ከዚያም ራቅ ያለ ዘመዳችን ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ሄደህ የድንቅነሽን አጥንት ቅጂ እይ። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘች ናት፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ቁመቷ አንድ ሜትር ቢያልፍ በጥቂት ነው። ዳሌዋንና ጉልበቷን ልብ ብለህ እየው፤ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። የወገኖቿ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። መጀመሪያ የተለወጠው እግር ነው፣ አንጎል ብዙ ቆይቶ ነው የተከተለው።

ጥያቄ፦ አባቴ ጥቁርና ነጭ ገብስ ቀላቅሎ ይዘራል። የግብርና ባለሙያው አንድ ዓይነት ምርጥ ዘር ዝሩ ይላል። መጽሐፋችን ደግሞ “ልዩነት ለዝግመተ ለውጥ ያስፈልጋል” ይላል። ግንኙነት አላቸው? (ከደብረ ብርሃን አካባቢ)

መልስ፦ አላቸው እንጂ! ጥያቄሽ በጣም ነው ደስ ያሰኘኝ። ውርጭ ሲመታ ማሳው ሁሉ እኩል አይመታም፤ አንዱ ይረግፋል፣ አንዱ ይቆማል። አባትሽ ለከርሞ ዘር የሚይዙት ከቆመው ነው። አንዲት የገብስ ተክል በዕድሜዋ ጂኗን አትለውጥም፣ ማሳው ግን ከዓመት ዓመት ይለወጣል። ተፈጥሯዊ ምርጫ ማለት ይኸው ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ግን የሚመረጥ የለም፤ በሽታው ከመጣ ጠራርጎ ነው የሚሄደው።

ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. እኛ አገር መጥቶ ዘር የሰበሰበው ይህን ብዛት ፍለጋ ነው። በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ በክሽክሽ የሚተላለፍ፣ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ ሲያስቸግር መከላከያው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። አውሮፓም ውስጥ ቅጠሉን ዱቄት የተነሰነሰበት ለሚያስመስለው የፈንገስ በሽታ መድኃኒቱ ከዚሁ ከእኛ ገብስ ነው የሄደው። መከላከያው ጂን ኤምኤልኦ ይባላል። የሚገርመው ይህ ጂን የተበላሸ ጂን ነው! ፈንገሱ ወደ ሕዋሱ ለመግባት የሚጠቀምበት ፕሮቲን አለ፤ ጂኑ ሲበላሽ መግቢያ ያጣል። ግን ሁለቱም ቅጂዎች መበላሸት አለባቸው፣ ልክ እንደ አዳማዋ እናት ሁለት ነጭ ቦሎቄ። ኦ ደምም ቢሆን ባዶ ዕጣ አይደለም፤ ኦ የሆኑ ሰዎች በወባ ክፉኛ የመታመም ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነው።

ምርጥ ዘሩን አትዝሩ አልልም፤ ዝናቡ ሲመች ብዙ ያስገባል። ግን የማሳው አንድ ጥግ ለድብልቁ ይቆይ። እስቲ አንቺ ደግሞ አንድ ነገር ሥሪልኝ። ከመዝራታችሁ በፊት ከድብልቁ አንድ ጣሳ አንሺና ሳትመርጪ 500 ፍሬ ቁጠሪ፤ ስንቱ ጥቁር፣ ስንቱ ነጭ እንደሆነ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ውርጭና ዝናብ የነበረበትንም ሳምንት መዝግቢ። ከአጨዳ በኋላ እንደገና 500 ቁጠሪና ሁለቱንም ቁጥር ላኪልኝ።