ለአነስተኛ ማኅበራት የገንዘብ ድጋፍ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ለአረጋውያን ቤት ለቤት እንክብካቤ የምንሰጥ 22 አባላት ያሉን ማኅበር ነን። ለተንከባካቢዎቻችን አበል የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ለ11 ለጋሾች አንድ ዓይነት ማመልከቻ ልከን ሁለቱ ብቻ መለሱልን፤ እነሱም «አይመለከተንም» ነው ያሉን። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ጥፋቱ ያለው ለሁሉም አንድ ዓይነት ማመልከቻ መላካችሁ ላይ ነው። ለጋሽ ገንዘቡን የሚመድበው ለተለየ ሥራና ለተለየ ዓይነት ተቋም ስለሆነ፣ ፍለጋውን እስካሁን ለማን፣ ለምንና ምን ያህል እንደሰጠ ከማየት ጀምሩ። ብዙዎቹ የደገፏቸውን ማኅበራት ከነገንዘቡ መጠን በዓመታዊ ሪፖርታቸው ያወጣሉ። እዚያ ውስጥ እናንተን የሚያህል ማኅበር ካጣችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ካገኛችሁ ደግሞ «የማንደግፋቸው» የሚለውን ክፍል ከሁሉ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ለምሳሌ የጃፓን መንግሥት በኤምባሲዎቹ በኩል የሚሰጠው የአነስተኛ ፕሮጀክቶች ድጋፍ ለግንባታና ለዕቃ ግዢ ይውላል፤ ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ ግን አይሸፍንም። ስለዚህ አበል ብትጠይቁ «አይመለከተንም» መባላችሁ አይቀርም። ተሽከርካሪ ወንበርና የሕመምተኛ አልጋ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያስተዳድረው የዓለም የአካባቢ ፋሲሊቲ (ለአካባቢ ጥበቃ የቆመ ዓለም አቀፍ ፈንድ) የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራምም በቀጥታ የማኅበረሰብ ቡድኖችን የሚደግፍ ቢሆንም፣ ትኩረቱ የተፈጥሮ ሀብትና የአየር ንብረት ስለሆነ ለእናንተ አይሆንም። አትክልት ለሚያለሙ ወይም ደን ለሚጠብቁ ቡድኖች ግን መታየት ያለበት በር ነው።

አበሉን ከቅርብ ፈልጉት፦ ከአካባቢ አስተዳደር፣ አባሎቻችሁ ከሚሠሩባቸው መሥሪያ ቤቶች፣ ከሃይማኖት ተቋማት፣ ሮታሪና ላየንስ ከተባሉት የበጎ አድራጎት ክለቦች። ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ደውሉ። «ትረዱናላችሁ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ብዙም አይጠቅማችሁም። የድጋፉ ጣሪያ ስንት ነው? እንደኛ ያለ ማኅበር ማመልከት ይችላል? ውሳኔው የሚሰጠው መቼ ነው? እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ። የአሥር ደቂቃ ስልክ የሁለት ሳምንት ልፋት ያድናል።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ገና ሕጋዊ ምዝገባ አላገኘም። እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?

መልስ፦ የለም። የተመዘገበ ድርጅት በስማችሁ ገንዘቡን ተቀብሎ ሊያስተዳድርላችሁ ይችላል፤ ብዙ ለጋሾች ይህን ይፈቅዳሉ። ነገር ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ክፍያ የሚፈቅደው ማን ነው፣ ከተጠየቀ በስንት ቀን ይለቀቃል፣ ድርጅቱ ለአስተዳደር ከመቶ ስንት ይወስዳል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የተገዛው ዕቃ የማን ይሆናል? ጭቅጭቅ የሚነሣው በአብዛኛው ከመጨረሻው ነው። ጎን ለጎን መተዳደሪያ ደንባችሁን አጽድቁ፤ ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ የባንክ ሒሳቡንም ዝምድና በሌላቸው ሁለት ሰዎች ጥምር ፊርማ ክፈቱ።

ጥያቄ፦ ፕሮፖዛላችን ተወዶልን ሳለ በጀቱ «ዝርዝር የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ምን ዓይነት ዝርዝር ነው የሚፈልጉት?

መልስ፦ ከላካችሁልን ሰነድ ላይ «የሥልጠና ወጪ» የሚል አንድ መስመርና አንድ ድምር አየን። ገምጋሚው ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ አይችልም። እንዲህ ፈልቅቁት፦ የአዳራሽ ኪራይ፣ 2 ቀን በቀኑ ዋጋ ሲባዛ፤ የማሠልጠኛ ጽሑፍ፣ 30 ቅጂ በ40 ገጽ፣ 1,200 ገጽ በገጹ ዋጋ ሲባዛ፤ የአሠልጣኝ ክፍያ፣ 1 ሰው ለ2 ቀን። ከዚያ ትረካውን፣ ማለትም ሥራውን በጽሑፍ የሚያብራራውን የፕሮፖዛሉን ክፍል፣ መልሳችሁ አንብቡ። በእናንተ ሰነድ ትረካው 25 ሠልጣኝ ይላል፣ በጀቱ ደግሞ 30። ይህች ልዩነት ብቻዋን ሰነዱን ታስመልሳለች፤ ጽሑፉንና ሒሳቡን የተለያዩ ሰዎች ሲሠሩት የሚፈጠር ስለሆነ ከመላካችሁ በፊት አንድ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያመሳክር።

ለዕቃ ግዢ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይጠየቃል። ሦስቱም ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ መሆን አለባቸው። አንዱ ነጋዴ ባለ 8 ጊጋባይት ኮምፒውተር፣ ሌላው ባለ 16 ካቀረበ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። መግለጫውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ለሦስቱም ስጡ። ፕሮፎርማ የሚያገለግልበት ቀን አለው፤ ውሳኔው ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የማመልከቻውን መዝጊያ ቀን ሳይሆን የውሳኔውን ቀን ቆጥራችሁ የዋጋውን ቆይታ ጠይቁ፤ አለበለዚያ ገንዘቡ ሲደርሳችሁ ዕቃውን አይገዛላችሁም።

የራሳችሁን አስተዋጽኦ አትደብቁ። 6 በጎ ፈቃደኞች በሳምንት 4 ሰዓት ለ40 ሳምንት ቢሠሩ 960 ሰዓት ነው፤ ለጋሹ የሚቀበለው ከሆነ በአካባቢው የሰዓት ክፍያ ተምኑትና ለብቻው በተለየ ዓምድ አስቀምጡት። ውል ሳይፈረም ያወጣችሁት ወጪ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይተካላችሁም፤ ስለዚህ የፕሮጀክቱን መጀመሪያ ቀን ከውሳኔው በኋላ አድርጉ። ገንዘቡን ከተቀበላችሁ በኋላ ከአንዱ የበጀት መስመር ወደ ሌላው ማዛወር ካስፈለጋችሁ ከማዛወራችሁ በፊት በደብዳቤ አስፈቅዱ፤ የፈቃዱንም ደብዳቤ ከደረሰኞቹ ጋር አብራችሁ ፋይል አድርጉት።