በ33 ዓመትሽ «አረጀሁ» ላልሽኝ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቻይንኛ ተምረሽ ዱከም አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርሽ። ሠራተኛ ሲቀነስ አንቺም ወጣሽ። አሁን የሒሳብ ሥራ ኮርስ ልትጀምሪ አስበሻል፤ ግን ከ20 ዓመት ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ አሳፍሮሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ድሮ የቻይና ግጥም ነፍሴ ነበር፣ አሁን ልቤ ደርቋል» ብለሻል። እኔን የያዘችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ነች።

ገጣሚው ሉ ዩዋንን ሳታውቂው አትቀሪም። የመጀመሪያ መድበሉ በ1942 እንደ ፈረንጆቹ ሲወጣ የ20 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ርዕሱም «ተረት» ነው። በ1955 ሁ ፌንግ የተባለው ሃያሲና ወዳጆቹ «ፀረ አብዮት» ተብለው ሲለቀሙ እሱም ታሰረ። ያኔ 32 ዓመቱ ነው፣ ያንቺው እኩያ። በ1959 እዚያው እስር ቤት ሆኖ አንድ ግጥም ጻፈ። በግጥሙ ውስጥ እሱ ኮሎምበስ ነው። መርከቡ አራቱ የክፍሉ ግድግዳዎች፣ ባሕሩ ደግሞ ጊዜ። እስቲ አስቢው፤ ትልቅ ሰው ታስሮ መርከብ መርከብ ይጫወታል!

ግን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እዚያው ለብቻው ጀርመንኛ ተማረ። ማን ይቀጥረኛል ብሎ እንደሆነ እንጃ። በ1962 ተፈታ፣ ስሙ የጸዳው ግን በ1980 ነው። በኋላ የጀርመናዊውን ደራሲ የጎተን «ፋውስት» ወደ ቻይንኛ የመለሰው በዚያው ጀርመንኛ ነው።

እስሩ በጀው እያልኩሽ አይደለም፤ 7 ዓመቱን ተዘርፏል። ሁሉም አይሳካለትም ደግሞ። ሌላው ቻይናዊ ገጣሚ ሙ ዳን ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተነስቶ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተመደበ። በትርፍ ሰዓቱ ለዓመታት የደከመበት የእንግሊዛዊው ገጣሚ የባይረን «ዶን ዡዋን» ትርጉም በ1980 ሲታተም እሱ ከሞተ 3 ዓመት አልፎታል።

ወደ አንቺ ስመለስ፣ ኮርሱን ጀምሪ። ሉ ዩዋን በዚያ ዕድሜው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግስ ሲያረባ አላፈረም። ያልገባሽን የገባሽ አስመስለሽ ዝም ብለሽ አትቀመጪ፣ ጠይቂ። ቻይንኛ የሚናገር አሁን ሞልቷል። የቻይንኛ ደረሰኝ አንብቦ፣ የግብር ሂሳቡን ሠርቶ፣ ለቻይናዊው አለቃ በቋንቋው የሚያስረዳ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ሲቪሽ ላይ «አስተርጓሚ» ብለሽ ብቻ አትለፊ። የጉምሩክ ሰነድ ተርጉመሽ፣ የደሞዝ ድርድር ላይ ተቀምጠሽ ከሆነ በዝርዝር ጻፊው።

ግጥሙንም አትተዪው፤ ማታ ማታ አንድ ሁለት ስንኝ ወደ አማርኛ መልሺ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ ደሞዝ አትጠብቂ።

የኮርሱን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ግን ምን እንደሚያስተምሩ አጣሪ። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ብቻ ከሆነ ይቅርብሽ፤ ቫትና የደሞዝ ግብር አሠራርን ጨምሮ የሚያስተምር ቦታ ፈልጊ።