ሲኤንሲው እንጨቱን ለምን ያቃጥለዋል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቆርጥ ማሽን) የገዛ ሰው በዝቷል መሰለኝ፣ የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም ስለሱ ናቸው።

«ዋንዛ ስቆርጥ ጠርዙ ይጠቁራል። ቢቱ (እየተሽከረከረ የሚቆርጠው ምላጭ) ባለ 6 ሚሊ፣ ሁለት ጥርስ ነው፣ አዲስ ነው። ስፒንድሉ (ቢቱን የሚያሽከረክረው ሞተር) በደቂቃ 18,000 ዙር ላይ ነው። የቢቱን ጉዞ በደቂቃ ከ2,000 ሚሊ ወደ 1,200 ብቀንሰው ጭራሽ ባሰበት።»

የባሰበትማ ስለቀነስክ ነው! ቢቱ ቀስ ብሎ ሲሄድ እንጨቱን መቁረጡን ትቶ ያሸዋል፣ ያኔ ይግላል። የአንተን እናስላው፤ 18,000 ዙር በሁለት ጥርስ 36,000 ነው፣ 1,200ን ለሱ ብታካፍለው እያንዳንዱ ጥርስ 0.03 ሚሊ ገደማ ነው የሚያነሳው። ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ወደ 0.15 ካመጣኸው ጉዞው 5,400 ይሆናል። ማሽኔ ቀላል ነው፣ ይንቀጠቀጣል ካልክ ደግሞ ዙሩን ወደ 10,000 አውርደውና በ3,000 ሂድ፣ ጥልቀቱንም በአንዴ ብዙ አታስገባ። ከሂሳቡ በላይ ግን የሚወጣውን በእጅህ ዝገን አድርገህ እየው። ፍቅፋቂ ከሆነ ደህና ነህ። እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ከሆነና ከሞቀ፣ ቢትህ እየሞተ ነው።

«መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ካቆመበት ልቀጥል?»

እንዳትሞክሪው። ብዙዎቹ ርካሽ ማሽኖች መብራት ሲጠፋ የት እንደነበሩ ይረሳሉ፣ ስፒንድሉም በራሱ ክብደት ወረድ ሊል ይችላል። መጀመሪያ ቢቱን ከእንጨቱ አውጪ፣ ሆም አድርጊ (ማሽኑን ወደ መነሻ ቦታው መልሺው)፣ ከዚያ ዜሮሽን (ልኬቱ የሚጀምርበትን ነጥብ) እንደገና ያዢ። ለዚህ ነው ዜሮ ሁሌም የማይቆረጥ ማዕዘን ላይ መሆን ያለበት፤ መሀል ላይ ከያዝሽውና ቦታው ከተቦረቦረ በምን ታገኚዋለሽ? በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ ካለሽ ብዙዎቹ ያቆሙበትን ይመዘግባሉ፣ እሱንም ቢሆን ቢቱን ከፍ አድርገሽ በአየር ላይ ፈትሺው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ መሰካት ደግሞ የባሰ ጣጣ ነው፣ ማሽኑ ቆሞ ኮምፒውተሩ ትዕዛዝ መላኩን ይቀጥላል።

«የወንበር እግር የሚገባበት ቀዳዳ ማዕዘኑ ክብ ሆኖ ይቀራል፣ እግሩ አልገባ አለ።»

ቢት ክብ ነው፣ ክብ ነው የሚተወው፤ በ6 ሚሊ ቢት የ3 ሚሊ ቅስት። ለማይታይ ቦታ ማዕዘኗ ላይ ቢቱ ትንሽ አልፎ እንዲቆርጥ ዲዛይኑ ላይ አስገባ። ለሚታይ ዕቃ መሮ አንሳና በእጅህ ጨርስ፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

«ኮምፒውተሩ ላይ ልክ የነበረው ማሽኑ ላይ ጥፍር አከለ።»

ኢንች እና ሚሊ ተምታተውብሃል፣ ልዩነቱ 25.4 እጥፍ ነው። የፋይሉን መጀመሪያ እይ፤ ጂ20 የሚል ካለ ኢንች፣ ጂ21 ካለ ሚሊ ነው።

«ኤምዲኤፍ (ከላመ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ስንቆርጥ በሻሽ አፋችንን እንሸፍናለን። ይበቃል?»

አይበቃም፣ ደቃቁ አቧራ ሰተት ብሎ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት አቧራን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ኤን95 ማስክ አድርጉ፣ ስፒንድሉ ላይ መምጠጫ ግጠሙ፣ ማታ ማሽኑን በኮምፕረሰር መንፋቱንም ተዉት፤ የወደቀውን አቧራ መልሳችሁ አየር ላይ እየበተናችሁት ነው።