የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአማርኛ የጥናት ማስታወሻ በቪም ውስጥ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስሆን፣ በጣና ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ላይ ጥናት በማካሄድ ላይ እገኛለሁ። የቃለ መጠይቅና የንባብ ማስታወሻዎቼ በዎርድ ፋይሎች፣ በስልኬና በቴሌግራም ተበታትነዋል። አንድ ጓደኛዬ ቪም በተባለው የጽሑፍ ኤዲተር ውስጥ የግል ዊኪ (እርስ በርስ በሊንክ የተያያዙ ገጾች ስብስብ) እንድጀምር መክሮኛል፤ ለአማርኛ ያገለግል ይሆን?

መልስ፦ በሚገባ ያገለግልዎታል፤ ይሁን እንጂ ይበልጥ የሚያስቸግርዎት ቪም ሳይሆን ሞክሼ ፊደሎቻችን እንደሚሆኑ ከወዲሁ ላሳስብዎ።

ዋርድ ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ዊኪ ሲከፍት፣ አንድ ገጽ ገና ያልተጻፈን ሌላ ገጽ በስሙ እንዲጠራና ስሙን የተጫነ ሰው አዲሱን ገጽ ከዚያው እንዲጀምር አድርጎ ነበር። ቪምዊኪ የተባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ይህንኑ አሠራር ወደ ቪም ያመጣዋል። ባክስላሽንና ሁለት ጊዜ ደብልዩን ሲጫኑ ማውጫው ይከፈታል፤ ጠቋሚውን «ቀረሶ» በሚለው የዓሣ ስም ላይ አሳርፈው ኢንተርን ሲጫኑ ቃሉ ሊንክ ይሆናል፣ ሲደግሙት የቀረሶ ገጽ ይከፈታል፣ ባክስፔስ ደግሞ ወደ መጡበት ይመልስዎታል። ገጾቹ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ስለሆኑ ቪምን ነገ ቢተዉት እንኳ በሌላ በማንኛውም ኤዲተር ይነበባሉ፤ ከዎርድ ይልቅ ይህን የምመርጠውም በዋናነት በዚሁ ምክንያት ነው።

ቪም ትእዛዝ የሚቀበለው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ አማርኛ ጽፈው ሲጨርሱ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይኖርብዎታል። መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል፤ እጅ ሲለምደው ግን ይረሳል።

ወደ ሞክሼዎቹ ስንመለስ፣ የጥናትዎን ዋና ቃል ራሱን ይመልከቱ። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ፣ ሁለተኛው ሳ ወይም ሣ ሊሆን ስለሚችል፣ «ዓሣ» በስምንት መንገድ ይጻፋል፤ ለኮምፒውተሩ ደግሞ ስምንቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዛሬ «ዓሣ»፣ ከወር በኋላ «አሳ» ብለው ሊንክ ከሠሩ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ገጾች ይኖሩዎታል፤ አንዱን ሲፈልጉም ሌላው አይመጣልዎትም። ስለዚህ ለገጽ ስሞች የሚጠቀሙበትን አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስነው በማውጫው ራስጌ ላይ ያስፍሩት። በማስታወሻው ውስጥ የአስጋሪዎቹን ቃል እንደመጣልዎት ቢጽፉ ግድ የለም፤ ሲፈልጉ [አኣዐዓ][ሳሣ] ብለው ቢያዝዙት ቪም ስምንቱንም ያወጣልዎታል። አንድን ገጽ ዳግም መሰየም ሲያስፈልግ በቪምዊኪ ትእዛዝ ይሰይሙት፤ ወደ ገጹ የሚያመሩትን ሊንኮች አብሮ ያስተካክላልና።

የገጽ ስም አጭር ይሁን። ፊደላትን በኮምፒውተር ውስጥ ለማስቀመጥ በሚያገለግለው በዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ በሊኑክስ ደግሞ የፋይል ስም በተለምዶ ከ255 ባይት አይበልጥም። የቃለ መጠይቅ ጥያቄን ሙሉውን የገጽ ስም ያደረገ ሰው ይህን ወሰን ሳያስበው ያልፈዋል። ከቢሮዎች ያሰባሰቧቸው የቆዩ ሪፖርቶች በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ከሆኑም፣ ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጡ በቪም ውስጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ሆነው ይታያሉ።

የተበታተነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማዛወር ባይነሡ እመርጣለሁ፤ ንዑስ ፎልደሮችንም አስቀድመው አይደርድሩ። አሁን በሚጽፉት ምዕራፍ ውስጥ የሚገቡትን ቃለ መጠይቆች ብቻ ያስገቡ፤ ቴሌግራሙ መንገድ ላይ የሰሙትን ለጊዜው ማኖሪያ ሆኖ ይቀጥል፤ የዊኪውን ፎልደር ደግሞ በጊት (የፋይሎችን ለውጥ መዝግቦ በሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ወይም በፍላሽ በየሳምንቱ ይቅዱት።