የወፍጮው ወለል ለምን ሰመጠ?

ከባቱ የጻፉልን የወፍጮ ቤት ባለቤት ወለላቸው በአሸዋ ተሞልቶ ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው። በጋውን ደህና ነበር። ክረምት ላይ የጣሪያ ውሃ ከስር ሲገባ በአንዱ ማሽን በኩል ሰመጠ። ቺንጋው (ሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞርበት ቀበቶ) አሁን በየጊዜው ይወልቃል። አንድ ባለሙያ መጥቶ ከማሽኑ ስር የእንጨት ሽብልቅ ከትቶ በሲሚንቶ ለስኖላቸዋል።

ማሽኑን አልጠረጥርም። ወለሉን በመዶሻ መታ መታ ያድርጉት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ አሸዋው ወርዷል። ሲሞላ ትንሽ ብቻ ረጥቦ የተጠቀጠቀ ይመስለኛል።

ይቺን ላብራራ፤ ደጋግሜ የማያት ነገር ናት። ትንሽ የረጠበ አሸዋ ያታልላል። በቅንጣቶቹ መሃል ያለችው ስስ ውሃ ባሉበት አስራ ትይዛቸዋለች፤ ተንሸራተው ክፍተቱን እንዳይሞሉ ትከለክላለች። ስለዚህ አሸዋው ይነፋል። ውሃው ከክብደቱ 5 በመቶ አካባቢ ሲሆን ደቃቅ አሸዋ በሩብ ያህል ሊያብጥ ይችላል። (አሸዋ በመኪና ሲገዙም የሚጭበረበሩት በዚሁ ነው።) ሲረግጡት ጠንካራ ነው። ሲደርቅ ወይም ውሃ ሲጠግብ ግን ያ መያዣ ይጠፋና ንዝረቱ ቅንጣቶቹን ያወርዳቸዋል። ካላመኑ እርጥብ አሸዋ በባልዲ ሞልተው ውሃ ያፍስሱበት፣ ጎኑን ይምቱ። ሲወርድ ያዩታል። ውሃ የጠገበ ልል አሸዋ በኃይል ከተናወጠ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። በ1964 እ.ኤ.አ. በጃፓን ኒጋታ በመሬት መንቀጥቀጥ ፎቆች የተጋደሙት በዚህ ነው።

ስለዚህ ልስኑ አይረባም። መብራቱን ከብሬከሩ ያጥፉ፣ ማሽኑን ያንሱ፣ ኮንክሪቱን ሰብረው አሸዋውን እስከ ነባሩ መሬት ያውጡ። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ! እርጥብ የአሸዋ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለቆመ አይመኑት፤ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ጎኑን አጋድመው ይቁፈሩ።

አሸዋውን በ20 ሳንቲ ንብርብር ይመልሱ። እያንዳንዱን ንብርብር ውሃ በደንብ አጠጥተው፣ ውሃው ሲሰርግ በኮምፓክተር (በመጠቅጠቂያ ማሽን) ይምቱ። ስሩ ኮትቻ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ከሆነ ይህን አይሞክሩ፤ ውሃው መውጫ የለውም። ያኔ ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) በልኩ አርጥበው ይጠቅጥቁ። መቀመጫው ኮንክሪት ከማሽኑ ክብደት ቢያንስ 3 እጥፍ ይሁን፤ የናፍጣ ሞተር ከሆነ 5 እጥፍ። ማሽኑን ለማሰር ጥርሱ በመጀመሪያው ማጥበቅ የሚላጥ ርካሽ ብሎን ደግሞ እባክዎ አይግዙ። የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ያርቁ።

ጉድጓዱ ውስጥ ሰው እያለ ሌላኛው ወፍጮ እንዳይነሳ። ለአንድ ኩንታል እህል ብለውም ቢሆን አያስነሱ።