«አራት ዓመት የተማርሽው የሰው አሮጊት ለማጠብ ነው?»

ከጎንደር ማራኪ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ላላየው አንባቢ ባጭሩ ላስተዋውቀው። በነርሲንግ በዲግሪ ተመርቀሻል። የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። ማስታወቂያ ስታሳድጂ ዓመት ከመንፈቅ አለፈሽ። አሁን አንድ ቤተሰብ የ78 ዓመት እናታቸውን እንድትንከባከቢላቸው በወር ይከፍልሻል። እማማ የመርሳት ሕመም አለባቸው። ልጆቻቸውን በስም አይለዩም። ማታ ማታ ያገኙትን ዕቃ ሰብስበው በነጠላ ይቋጥሩና «መሸ እኮ፣ እንሂድ» ይላሉ። ሥራው ከብዶሻል። ከሥራው በላይ የከበደሽ ግን የእናትሽ ንግግር ነው። ርዕስ ያደረግኩት ቃል የሳቸው ነው። ቤይሩት ያለችው የአክስትሽ ልጅ ደግሞ «እዚህ አሮጊት መጠበቅ በዶላር ነው፣ ነይ» ትልሻለች። ጥያቄሽ አንድ ነው፤ ይሄ ነገር ሙያ ነው ወይስ ዕድሜዬን እያባከንኩ ነው?

ሙያ ነው። እኔ እንደማየው ከነርስነት ሥራ ከባዱ ይሄ ነው። ችግሩ አሁን የያዝሽበት መንገድ ላይ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ለምን ሙያ እንደምለው ከቤቴ ልንገርሽ።

አክስቴ ደምቢያ ተወልደው አዘዞ ያረጁ ሴት ነበሩ። የመጨረሻ ዓመታቸውን ከመርሳት ጋር ነው የኖሩት። በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይረበሻሉ። በሩን ይገፋሉ። «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። እኛ ደግሞ «ቤትዎ ይሄ ነው እኮ! አርባ ዓመት የኖሩበት!» እያልን እንከራከራለን። እሳቸው ያለቅሳሉ፣ እኛ እንበሳጫለን፣ እንዲህ ሆኖ ይመሻል። ሲመሽ የሚመጣው ይህ መረበሽ በዚህ ሕመም የተለመደ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅንም ነበር።

በኋላ አንዲት ነርስ ቀጠርን። በሦስተኛው ቀን አክስቴ በሩን ሲገፉ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና «ቤት ምን አለ፣ እማዬ?» አለቻቸው።

«ጥጃው አልታሰረማ! ላሟ ልትገባ ነው፣ ጠብቶ ይጨርሳታል!»

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማናችንም ጠይቀናቸው አናውቅም። አክስቴ በዚያ ሰዓት የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ደምቢያ ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥጃ ማሰር የሳቸው ሥራ ነበር። ሳይታሰር ከመሸ ዱላ አለ። ነርሷ እጃቸውን ይዛ ጓሮውን አዞረቻቸው። «ያልታሰረ ጥጃ አለ? እስቲ ይዩ» አለች። አዩ። የለም። ገቡና ተቀመጡ። በማግስቱ ባዘቶና እንዝርት ይዛ መጣች። የልጆቻቸው ስም የጠፋባቸው ሴት እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሹረው ክሩን ሲስቡ አንዴም አልተበጠሰባቸውም። እጅ የለመደው ሥራ ከስምና ከቀን ይልቅ ብዙ ይቆያል። ዳዊት የደገሙ አባቶችም እንደዚያው ናቸው። ቁርስ መብላታቸውን ረስተው መዝሙረ ዳዊቱን ሳያዛንፉ ይወጡታል።

መዋሸት ይፈቀዳል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ውሸት አልወድም። ያቺ ነርስም አልዋሸችም፤ እውነትም ያልታሰረ ጥጃ አልነበረም። አስቸጋሪው የሞተ ሰው ሲጠሩ ነው። እማማ «ባሌ የት ሄደ?» ሲሉሽ «ከሞቱ እኮ 20 ዓመት ሆናቸው» ብትያቸው ለሳቸው አዲስ መርዶ ነው። ነገም ረስተው ይጠይቁሻል። ነገም መርዶውን ትነግሪያቸዋለሽ። በየቀኑ መርዶ የሚሰማ ሰው እንዴት ይኖራል? «ናፈቁዎት? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» በያቸው። ያወሩልሻል። ከፈለጉም ያለቅሳሉ፣ ግን በናፍቆት ነው።

ስለ ሕመሙ የምታውቂውን አልደግምልሽም። ለቤተሰቡ ግን አስረጃቸው። አገሬው «ጃጁ» ብሎ ያልፈዋል። መርሳት ግን የእርጅና ዕጣ አይደለም፣ የአንጎል በሽታ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በስሙ የተጠራውን በሽታ በ1906 እ.ኤ.አ. ለባልደረቦቹ ሲያቀርብ ታማሚዋ ገና በ50ዎቹ ዕድሜ የነበረች ሴት ናት። ከመርሳት ሕመሞች ከ60 እስከ 70 በመቶው አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ያሉት። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚችል ሰው እዚሁ ያስፈልጋል።

ወደ አክስቴ ልመለስ። አንድ ሰሞን በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ሆኑ። ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት የሌለ ሰው ያናግራሉ። ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድናቸው። «እርጅና ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ» ተብለን ተመለስን። ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። ነርሷ ግን ደብተር ነበራት። ስንት ብርጭቆ ውኃ ጠጡ፣ ስንት ጊዜ ሸኑ፣ ሽንቱ ምን ይመስላል፣ ስንት ሰዓት ተኙ። ደብተሩን ይዛ ሌላ ቦታ ወሰደቻቸው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ታክመው በአሥር ቀን ውስጥ እንዝርታቸውን ያዙ።

ይሄ ነው የተማርሽበት። መርሳት በወራትና በዓመታት እየገፋ ይመጣል። በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን የመጣ መለወጥ ግን ብዙ ጊዜ ዴሊሪየም፣ ማለትም ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት ነው፣ ከጀርባው ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሕመም ወይም አዲስ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ይህን የሚለየው አጠገባቸው ውሎ የሚያስተውል ሰው ነው። እናትሽ «አሮጊት ለማጠብ» ሲሉሽ አትቆጪ። ስታጥቢ ምን እንደምታዪ ንገሪያቸው። ወገባቸው ላይ የቀላ ቆዳ አየሽ እንበል። ቁስል ሳይሆን አገኘሽው ማለት ነው። ማንም ያጥባል፣ ያንን ማየት ግን ትምህርት ይፈልጋል።

ስለ ማጠቡ ካነሳን፣ እማማ ሲታጠቡ ይደባደባሉ ብለሻል። አስቢው እስቲ። ሕይወታቸውን ሙሉ ራሳቸውን ሸፍነው የኖሩ ሴት ናቸው። የማያውቋት ልጅ መጥታ ልብሳቸውን ታወልቃለች። ማን አይደባደብም? ሰውነታቸውን በፎጣ ወይም በነጠላ ሸፍነሽ የምታጥቢውን ቦታ ብቻ ግለጪ። ከእግር ጀምሪ፣ ራስን በመጨረሻ። እግር ማጠብ እኛ ዘንድ የአክብሮት ምልክት ነው፣ ይቀበሉሻል። «አንቱ» ማለትሽንም እንዳትተዪ። ልጅ ሆነዋል ብለው አንቺ የሚሏቸው ሰዎች አሉ። ስማቸው ቢጠፋባቸው እንኳ መከበርና መናቅ አይጠፋቸውም።

ምግብ ላይ ደግሞ ጉርሻሽን አሳንሺው። ይሄን የምልሽ ከልቤ ነው። ሕመሙ ሲገፋ መዋጥ ይከብዳቸዋል፣ ትልቅ ጉርሻ ያንቃቸዋል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ለስለስ ያለ ፍትፍት ይሁን፣ ውጠው እስኪጨርሱ ጠብቂ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም አይበሉ። ጾም አልፈታም ብለው ምግብና መድኃኒት ከከለከሉሽ አትከራከሪ። የንስሐ አባታቸውን አስጠሪ። አንድ ቃል ከሳቸው ሲሰሙ የአንቺ አሥር ቀን ልመና ያላመጣውን ያመጣል። ጠበልም ከሄዱ ይሂዱ፣ ኪኒናው ግን አይቋረጥ። ሌሊት ደወል ሰምተው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ እናቶች ብዙ ናቸው። ጎረቤቱ፣ የሰፈሩ ሱቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ይወቋቸው። የልጃቸውን ስልክ ቀሚሳቸው ላይ በጨርቅ ስፊው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ። ልጆቻቸው አንድ ቀን «ሌሊቱን የሚያስተኛ መርፌ ውጊልን» ይሉሻል። እምቢ በይ። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ምንም አትስጪ። ለመርሳት ታማሚዎች ለማረጋጊያ ተብለው የሚሰጡ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የስትሮክና የሞት አደጋን ይጨምራሉ፤ ሐኪምም ቢሆን በጥንቃቄ፣ ለአጭር ጊዜ ነው የሚያዛቸው። በገመድ ማሰርንም እምቢ በይ። የሙያ ፈቃድሽም የሚያዝሽ ይህንኑ ነው።

አሁን ወዳልወደድኩት ነገር ልምጣ። ቀንም ሌሊትም አንቺ ነሽ። ዕረፍት የለሽም። ስምምነቱም በቃል ነው። እህቴ፣ እንዲህ ከቀጠለ በስድስት ወር ውስጥ እማማን ትጠያቸዋለሽ፣ ከዚያ ራስሽን። የድካም ነገር ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ከልጆቹ ጋር ተቀመጪና በወረቀት ጻፉት። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ሌሊቱን ማን ያድራል፣ የሳምንት ዕረፍትሽ መቼ ነው፣ ክፍያው በስንት ቀን፣ ድንገት ቢታመሙ ማን ይወስናል፣ ልብስና ወጥ የአንቺ ሥራ ነው ወይስ አይደለም። በጨዋ ደንብ ተናገሪ። ይሉኝታ ይዞሽ ዝም ካልሽ ቂም ይሆናል። «አይሆንም» ካሉሽ ውጪ። ይህን ስልሽ እማማን አስቤ ነው፣ የደከመች ነርስ አትጠቅማቸውም።

ሌላው የሥራ ልምድ ነው። ቤተሰብ የጻፈልሽን ወረቀት ብዙ ቀጣሪ አይቆጥረውም። ግብር የተከፈለበት ልምድ ነው የሚጠይቁሽ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለሽን ሰዓት ወስነሽ በቀረው ከአንድ ፈቃድ ካለው ክሊኒክ ጋር በትርፍ ሰዓትም ቢሆን ተጠጊ። ደብተር መያዝም ዛሬ ጀምሪ። ነገ ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን ሠራሽ?» ሲሉሽ የምታወሪው ከዚያ ነው።

ጎንደር ላይ ስላለሽ ዕድለኛ ነሽ። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ለማሠልጠን የተጀመረ ተቋም ነው። ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና)፣ ፊዚዮቴራፒና ኦኩፔሽናል ቴራፒ (ታማሚው የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዲሠራ የሚያግዝ ሕክምና) ያስተምራል። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን የአእምሮ ጤናውን መንገድ እይዝ ነበር። የመርሳት ታማሚ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደዚያ ክፍል ነው፣ የሚያባብለውን ነርስም እዚያ ያሉት ሐኪሞች ያውቁታል። እስከዚያው የአውስትራሊያው ታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ መርሳት ሕመም በኦንላይን በነጻ የሚሰጠውን ኮርስ ውሰጂ። አዲስ አበባ ከሄድሽ መቄዶንያን ጎብኚ፣ ከቻልሽም ጥቂት ሳምንት በበጎ ፈቃድ አገልግዪ። ብዙ አረጋውያን በአንድ ቦታ ሲኖሩ ሥራው እንዴት እንደሚደራጅ እዚያ ታያለሽ። አንድ ቀን ጎንደር ላይ የቀን መዋያ ቤት ልክፈት ብትዪ ይጠቅምሻል። ልጆች ጠዋት አምጥተው ማታ የሚወስዱበት ዓይነት። ለኛ ከተማ ከማደሪያው ቤት ይልቅ ይሄ የሚሆን ይመስለኛል። እናቱን ሌላ ቤት ማሳደር የሚከብደው ጎንደሬ ማዋሉን እሺ ይላል።

ቤይሩትን በተመለከተ ባጭሩ። የሚሰጡሽ የቤት ሠራተኛ ቪዛ ነው። የነርስ አይደለም። በከፋላ ሥርዓት ቪዛሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው፣ ዲግሪሽም እዚያ አይቆጠርም። ለደላላ አንድ ብር ከመክፈልሽ በፊት ወደ ከተማው ሥራና ስልጠና መምሪያ ሂጂ። ውጭ አገር መሥራት ነውር የለውም። ከሄድሽ ግን በነርስነትሽ ሂጂ። ጀርመን ለምሳሌ የአረጋውያን ነርስ በጣም ትፈልጋለች፣ በነርስነት ዕውቅና ለማግኘት ግን በተለምዶ ቢ2 የሚባለው፣ ከመካከለኛ ከፍ ያለ የጀርመንኛ ደረጃ ይጠየቃል። ዓመት ሁለት ዓመት ያስለፋል፣ አያዋርድሽም ግን።

በመጨረሻ ስለዚያ በነጠላ ስለሚቋጠረው ዕቃ። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ሲመሽ ዕቃ ሰብስቦ ቋጥሮ «እንሂድ» የሚል ሰው ማነው? ገበያ የዋለ ሰው አይደል? እማማ ድሮ ይነግዱ ነበር? ቅዳሜ ገበያ መደብ ነበራቸው? ትልቋን ልጃቸውን ጠይቂልኝ። ከሆነ ነገ በአሥር ሰዓት ሳይረበሹ በፊት አንድ ቁና ምስርና ሰፌድ አቅርቢላቸው። ይልቀሙት፣ ይስፈሩት። የሆነውን ጻፊልኝ።