ለቤት አውቶሜሽን የትኛው የኔትወርክ ስዊች ይሻላል? መጀመሪያ ዋቱን ደምር

አዘዞ ጂ+1 ቤት የሠራ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «አራት ካሜራ፣ አንድ የኮርኒስ ዋይፋይ፣ መብራቶቹንና የሮቶውን ፓምፕ የምታዝ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለችኝ። ሁሉም በአንድ ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች ነው የተያያዙት። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ግማሹ አይገናኝም። ሌሊት ደግሞ የበሩ ካሜራ ይጠፋል። የሚታመን ስዊች ንገረኝ፣ ማኔጅድ ይሁን ወይስ ተራው ይበቃል?»

ወንድሜ፣ ስዊቹን ገና አትጣለው። የነገርከኝ ነገር ከኔትወርክ ይልቅ የኮረንቲ ጉዳይ ነው የሚመስለው።

ቀን ደህና ውሎ ሌሊት የሚጠፋ ካሜራ ካየህ ቶሎ ብለህ ዋቱን ደምር። ሲመሽ ኢንፍራሬዱ፣ ማለትም በጨለማ የሚያይበት መብራት፣ ይበራል፣ ካሜራው የሚበላው ኮረንቲ ይጨምራል። ፒኦኢ ስዊች፣ ማለትም በዚያው በኔትወርክ ኬብል ኮረንቲ የሚልከው ዓይነት፣ ለሁሉም ቀዳዳ የሚያካፍለው የተወሰነ ዋት ነው ያለው፤ ሲያልቅበት አንዱን ይቆርጣል። ካሜራው ላይ 8 ዋት ከተጻፈ አራቱ 32 ይሆናሉ። ዋይፋዩ 12 ቢበላ 44 ገባህ። አሁን የስዊቹን አዳፕተር ገልብጠህ አንብብ። 48 ቮልት፣ 0.8 አምፒር የሚል ከሆነ ጠቅላላው 38 ዋት ገደማ ነው፣ ከዚያም ላይ ስዊቹ ለራሱ የሚበላው አለ። ታዲያ በምን አቅሙ ነው የበሩን ካሜራ ሌሊቱን ሙሉ የሚሸከመው?

ስለዚህ ስትገዛ ጠቅላላ የፒኦኢ አቅሙ 65 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነውን ውሰድ። ካርቶኑ ላይ 802.3ኤኤፍ ወይም ኤቲ የሚል ፈልግ፤ የመጀመሪያው በአንድ ቀዳዳ እስከ 15.4 ዋት ይልካል፣ ሁለተኛው እስከ 30። እነዚህ ከመላካቸው በፊት ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ ኮረንቲ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቃሉ። «ፓሲቭ» የሚባለው ግን ሳይጠይቅ ነው የሚለቀው። ርካሽ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ላፕቶፕህን ተሳስተህ ብትሰካበት ልታቃጥለው ትችላለህ። የቀዳዳ ቁጥርም አያታልልህ። የቲፒሊንክ ቲኤል-ኤስጂ1008ፒ ለምሳሌ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ስምንት ቀዳዳ አለው፣ ኮረንቲ የሚልከው ግን በአራቱ ብቻ ነው። አንተ ደግሞ አምስት ትፈልጋለህ።

መብራት ሲመጣ የማይገናኙት ነገር ሌላ ነው። ተራ ስዊች በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል፣ ራውተሩ ግን አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያ መሀል ካሜራውና ኮምፒውተሯ ነቅተው አድራሻ ሲጠይቁ የሚመልስላቸው የለም። አንዳንዱ ዕቃ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል። ለኮምፒውተሯና ለካሜራዎቹ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ቋሚ አይፒ፣ ማለትም የማይለወጥ አድራሻ፣ ስጣቸው። ይህ አምስት ሳንቲም አያስወጣህም።

ከዚያ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ዕቃውን በባትሪ የሚያቆየው። ጎንደር ውስጥ መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚመጣ ለአንተ አልነግርህም። ራውተሩን፣ ስዊቹንና ኮምፒውተሯን በአንድ ዩፒኤስ ላይ አድርጋቸው፤ የፒኦኢ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፣ ስዊቹ ከበራ ካሜራውም ዋይፋዩም አብረው ይበራሉ። ትንንሾቹ ዩፒኤሶች ውስጥ በብዛት ያለው 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ነው። የአንተ ጭነት 50 ዋት አካባቢ ስለሚሆን ባትሪው አዲስ ሲሆን አንድ ሰዓት ቢይዝልህ ጥሩ ነው በል።

ማኔጅድ ላልከው፣ ማለትም ውስጡ ገብተህ ቅንብሩን የምትለውጠው ዓይነት፣ ለአንተ ቤት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ካሜራዎቹን ከቤተሰቡ ስልክ መለየት ካልፈለግህ በቀር ተራው ይበቃሃል። ማኔጅዱን ያለ ልምድ ከነካካኸው አይጂኤምፒ ስኑፒንግ የሚባለው ቅንብር ስልክህ አምፖሎቹን እንዳያገኝ ሊያደርግ ይችላል፣ አንተ ደግሞ አምፖሉን ስትወቅስ ትከርማለህ። ፍጥነትም ቢሆን አያስጨንቅህ። አራት ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሜጋቢት አያልፍም፣ የመብራትና የፓምፕ ትዕዛዝማ ከቁጥር አይገባም። እኔ ጊጋቢት ግዛ የምልህ ዋጋው ብዙ ስለማይራራቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እይ። ለካሜራ ተብለው የሚሸጡት ፒኦኢ ስዊቾች ፊታቸው ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ተንሸራታች ቁልፍ አለች። «ቪላን» ላይ ከሆነች ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ አይተያዩም፣ ኮምፒውተሯ ካሜራውን ብትፈልገው አታገኘውም። «ኤክስቴንድ» ላይ ከሆነች ደግሞ ኬብሉን እስከ 250 ሜትር ታስኬድልሃለች፣ ፍጥነቱን ግን 10 ሜጋቢት ላይ ታወርደዋለች። ወደ መደበኛው መልሳት። ቁልፏ ስታጸዳ በጣትህ ልትነካ ትችላለች፣ ማንም ልብ አይልም።

ኬብሉንም እመን ብዬ አልተውህም። ከጫፉ ትንሽ ላጥና አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ለፒኦኢ አይሆንም፤ ረጅም መንገድ ላይ ኮረንቲው ይደክማል፣ ጫፉም ላይ ቶሎ ይሰበራል። የበሩ ካሜራ ከሁሉም ሩቁ ነው አይደል? ፒያሳ ወርደህ ስትገዛ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ቢልህም ምላጭህን ይዘህ ሂድ።

በሐምሌና በነሐሴ መብረቁ ሲበዛ ከቤት ውጭ የሚሄደው ኬብል ነው ስዊች የሚያቃጥለው። የበሩ መስመር ላይ የመብረቅ መከላከያ አድርግ፣ ነገር ግን ኧርዙ በትክክል መሬት ካልገባ መከላከያው ጌጥ ነው። ኧርዙን መልቲሜትር ሳይሆን መለኪያው ያለው ኤሌክትሪሺያን ይለካልህ።

ፓምፑን በተመለከተ ስዊቹ የቱንም ያህል ቢታመን በኔትወርክ ብቻ አይታዘዝ። ሮቶው ውስጥ ውሃው ሲሞላ ፓምፑን በቀጥታ የሚቆርጥ ፍሎት አስገባ። ኮምፒውተሯ ብትቆም እንኳ ውሃው ኮርኒስህን አያበሰብስም።